የግራ ጆሮ አምፖል

ማዳመጫ አድርገው ደስ የሚል ነገር እየሰሙ ሳለ አንዱ ጎን ድንገት ጸጥ ብሎብዎት ያውቃል? ገመዱን ያሻሉ፣ ድምፁ ይመለሳል። ይለቁታል፣ ይጠፋል። በመጨረሻ ገመዱን በአንድ እጅ ቆልምመው፣ አንገትዎን አዘንብለው፣ ትንፋሽዎን ውጠው ይቀመጣሉ። ሰው ቢያይዎት አንገትዎ የተቀጨ ይመስለዋል። ደርሶብዎት ከሆነ የምነግርዎት ቶሎ ይገባዎታል። ካልደረሰብዎትም ግድ የለም፤ እኔ ማስረዳት አይታክተኝም።

ወረታ የመጣሁት ፊዚክስ ለማስተማር ነው። ከአዲስ አበባ ስነሣ ታላቅ ወንድሜ አንድ የማዳመጫ ማጉያ ሰጠኝ። ማጉያ ማለት ከስልክ የሚወጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አበርትቶ ለማዳመጫ የሚያቀብል ዕቃ ነው። ይኸኛው የጫማ ሣጥን ግማሽ የሚያህል የብረት ሣጥን ሲሆን፣ ከሌላው የሚለየው አናቱ ላይ በቆሙት ሁለት የብርጭቆ አምፖሎች ነው። ባለሙያዎች ቫልቭ ይሏቸዋል። የድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የነበሩት ዓይነት ናቸው፤ አውራ ጣት ያህላሉ፤ ሲሞቁ ከውስጣቸው እንደ ፍም ይቀላሉ። ከሥራቸው ቀጫጭን የብረት እግሮች አሏቸው፤ እግሮቹ ሣጥኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ቀጥ ብለው ይሰካሉ። የግራው አምፖል ለግራ ጆሮ፣ የቀኙ ለቀኝ ጆሮ ይሠራል። ይህን አደራ እንዳይረሱት።

ወንድሜ ዕቃውን ሲሰጠኝ "ክፍለ ሀገር ጸጥታ ነው፤ ዘፈንህን ሳትረበሽ ትሰማለህ" ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ወረታን አያውቃትም። የተከራየሁት ክፍል ከሩዝ መፈተጊያ ወፍጮ ጋር አጥር ይጋራል። የፎገራ ሩዝ በሙሉ ለመፈተግ እዚያ የተሰለፈ ይመስላል። ወፍጮው ሲነሣ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥኩት እስክሪብቶ በራሱ ጊዜ ጉዞ ይጀምራል።

የግቢው ባለቤቶች በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየውን አባባ፣ ሚስትየዋን እትዬ እላቸዋለሁ። አባባ ወረታ አቅራቢያ ባለችው ቁሐር ሚካኤል ሩዝ ሲያመርቱ፣ ከብት ሲያረቡ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም እርሻውን ለልጆቻቸው ትተው ወረታ የገቡ ሰው ናቸው። ቀኝ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። ግራው ከተጮኸለት ይሰማል። በዚህ የተነሣ እኛ ግቢ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። እትዬ "ሆድዎን ተሻለዎት ወይ?" ብለው ሲጠይቁ፣ አጥር ማዶ ሩዝ ይዞ የተሰለፈው ሰው "እግዚአብሔር ይማርዎት" ይላል።

አንድ ጠዋት አባባ ስልክ ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

"አስተማሪው፣ ይኸ ስልክ ይዘፍናል ይሉኛል። ለኔ እንደ ዝንብ ነው የሚለኝ።"

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ከብዙ ዘመን በፊት የአባባ ታናሽ ወንድም ሲዳር ቁሐር ሚካኤል ላይ ትልቅ ሠርግ ተደግሶ ነበር። በዚያ ሠርግ አንድ ሰው ቀረርቶ አሰማ። ቀረርቶው እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ አልነበረም። ዳሱን የሞላው ሰው ብድግ አለ፤ የሙሽራዋ አባት ምርኩዛቸውን ጥለው ዘለሉ። ያን ቀረርቶ ያሰማው ማን ነው? አባባ "እኔ ነኝ" ይላሉ። ይፋግ የሚኖሩት የእትዬ ወንድም፣ ማለትም የአባባ አማች፣ "እኔ ነኝ" ይላሉ። ምስክር እንዴት ይጠፋል እንዳይሉ። የቁሐር ሰው በሙሉ ለአባባ፣ የይፋግ ሰው በሙሉ ለአማችየው ይመሰክራል። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር የዚያ ቀን ጠላ ብርቱ እንደነበረ ነው።

እንግዲህ በቅርቡ የአባባ ልጅ ከአንድ ዘመድ ቤት የሠርጉን ካሴት አገኘች፤ ስልክ ቤት ወስዳም ወደ ስልክ አስገለበጠችው። አማችየው ቀድመው ሰሙትና "ድምፁ የኔ ነው፤ ነገር አለቀ" ብለው በይፋግ ገበያ አስወሩ። ካሴቱ ያረጀ ስለሆነ ሌላው ሰው ሲጠየቅ "የሳቸውም ይመስላል፣ የሳቸውም ይመስላል" ከማለት አያልፍም። እትዬማ ስልኩ ሲከፈት ተነሥተው ወደ ጓዳ ይገባሉ። "አንዱ ባሌ፣ አንዱ ወንድሜ፤ እኔ አልሰማሁም" ነው መልሳቸው።

"ሰው የሚነግረኝን አልቀበልም" አሉኝ አባባ። "የሚወደኝ 'ያንተ ነው' ይለኛል፤ የሚጠላኝ 'የሱ ነው' ይለኛል። ይኽች ግራ ጆሮዬ ሳትዘጋ በራሴ ልስማ። እሱ ለገበያ ቀን መምጣቱ አይቀርም። መጥቶ ሲስቅብኝ የምመልሰው ቃል ልያዝ።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሠርግ ነው። ማጉያዬን ተሸክሜ ሳሎናቸው ገባሁ፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት፤ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቄ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የእትዬ ሳሎን በዳንቴል የተሞላ ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ የስኳር ዕቃው፣ የግድግዳው ሰዓት ሳይቀር በእጃቸው የተሠራ ዳንቴል ለብሰዋል።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ማዳመጫውን አባባ ራስ ላይ አደረግኩና ድምፁን ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት። ፊታቸው ተፈታ።

"ከበሮው!" ብለው ጮኹ። ማዳመጫ ያደረገ ሰው መጮኹን አያውቅም። "እልልታው! አንች፣ የእናትሽ እልልታ ነው!"

እትዬ ከጓዳ "እኔ አልሰማሁም!" አሉ።

ቀረርቶው ሊጀምር ሲል የአባባ ፊት ተለወጠ። ማዳመጫውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

"ሞተ" አሉ።

እኔ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ቀኙ ይሰማል፤ ግራው ዝም ብሏል። የአባባ ደህና ጆሮ ደግሞ ግራው ነው።

ችግር ሲፈለግ ከቀላሉ ነው የሚጀመረው፤ ተማሪዎቼንም የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ ለውጥ የለም። ማዳመጫውን አዞርኩትና የሚሰማውን ጎን በግራ ጆሯቸው ላይ አደረግኩት።

"ይኸ ነው መማር!" አሉ አባባ። ከበሮው ተመለሰ፤ እልልታውም ተመለሰ። ቀረርቶው ላይ ሲደርስ ግን የሚሰማው ጎን ራሱ መንጣጣት ጀመረ። አባባ ለጥቂት ጊዜ በጥሞና አዳመጡ።

"አስተማሪው፣ እዚያ ሠርግ ላይ ሽንብራ የሚቆላ ሰው አልነበረም እኮ።"

ያኔ ወፍጮውን ጠረጠርኩ። መጠርጠሬም ያለ ምክንያት አልነበረም። አምፖሎቹ እግራቸው ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ የቆሙ እንጂ የታሰሩ አይደሉም። ቡፌው ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ቢላሉ ምን ይደንቃል? ይህን ለማረጋገጥ ወፍጮው በሌለበት መሞከር ነበረብኝ። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ወፍጮው የሚቆመው መብራት ሲጠፋ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የኔም ዕቃ ይጠፋል። ስለዚህ ሄጄ መለመን ግድ ሆነ።

ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ጎልማሳ ከእግር እስከ ራሱ የገለባ ብናኝ ለብሷል።

"ጥቂት ደቂቃ ብታቆምልኝ" አልኩት።

"ምን ሞተ?"

"ሳይንሳዊ ሙከራ ነው።"

"ሳይንስ ከሆነማ" ብሎ አጠፋው። የተሰለፉት ሴቶች ግን ሳይንስን እንዲህ በቀላሉ አላሳለፉትም።

"ለምን ቆመ?" አለች አንዷ።

"አስተማሪው ሊሞክር።"

"ምኑን?"

"የአባባን ጆሮ።"

ጆንያቸውን ትተው ተከተሉኝ። ሳሎኑ ሞላ። አባባ ማዳመጫውን አድርገው በመካከል ተቀመጡ፤ እንደ ሙሽራ። ወረታ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን የወፍ ድምፅ ሰማሁ። ዘፈኑን ከፈትኩት።

"ሽንብራው አለ" አሉ አባባ።

"እንግዲያው ወፍጮው ነፃ ነው" አልኩ ለተሰበሰበው ሕዝብ።

ወፍጮ አንቀሳቃሹ ከበሩ ላይ ሆኖ "እኔስ መቼ ታሰርሁ?" አለና ሄዶ መልሶ አስነሣው። ከሴቶቹ አንዷ ስትወጣ አባባ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብላ፣ "ሲሰሙት ይላኩብን፤ እኛም በቁሐር ወገን ነን!" ብላ ጮኸች።

ቀጥሎ ወደ አምፖሎቹ ዞርኩ። የዚህ ሥራ ጥበቡ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማቀያየር። ሁለት ተማሪዎች በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከግራ በኩል ረብሻ ይሰማል እንበል። ወንበር ያቀያይሯቸው። ረብሻው ወደ ቀኝ ከሄደ ጥፋተኛው ልጁ ነው። ረብሻው እዚያው ግራ ላይ ከቀረ ልጁ ንጹሕ ነው፤ ወንበሩን ይመርምሩ። አምፖልም እንዲሁ ነው። ዕቃውን አጥፍቼ፣ መሰኪያውን ነቅዬ፣ ብርጭቆው እስኪበርድ ጠበቅኩ። ከዚያ በጨርቅ ይዤ ቀጥ አድርጌ ነቀልኳቸው፤ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርኩ። ሲነቀሉ ከመጠን በላይ በቀላሉ መውጣታቸውን አስተውያለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላሰብኩበትም።

መልሼ ሳበራው ሁለቱም ጎን ጥርት ብሎ ይሰማል። ይህ ክፍል ውስጥም ያጋጥማል፤ ቦታ ሲቀያየሩ ሁለቱም ጨዋ ይሆናሉ። አስተማሪ ግን እዚህ ላይ ደስ ሊለው አይገባም። ምክንያቱ ሳይታወቅ የዳነ በሽታ መመለሱ አይቀርም።

አባባ ግን ምክንያት አልጠየቁም። ማዳመጫውን ነጥቀው አደረጉ። ከበሮው፣ እልልታው፣ ቀረርቶው ሊመጣ ሲል መብራት ሄደ።

አባባ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

በማግስቱ ጠዋት ማልጄ ገባሁ። እትዬ በር ከፈቱልኝ፤ ማጉያው በቦታው ነው፤ መብራትም አለ። አበራሁት። ግራው ዝም፤ ቀኙም ዝም። ሁለቱም አምፖሎች ጭራሽ አልቀሉም። ነቅዬ መለስኳቸው፤ ቀሉ። ክፍል ስለነበረኝ ሄድኩ። ከሰዓት መጣሁ፤ እንደገና ጠፍተዋል።

"የይፋጉ ሰውዬ ዓይን ነው" አሉ አባባ።

"ወንድሜን!" አሉ እትዬ። "አንቱ፣ ዓይኑ ከይፋግ እዚህ ድረስ ያያል እንዴ?"

"ምላሱ ይደርስ የለ?"

ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ የማውቀውን በሰልፍ ደረደርኩት። ገመዱ ደህና ነው። ወፍጮው ነፃ ነው። አምፖሎቹ ሲጠብቁ ስለሚሠሩ ደህና ናቸው። መቀመጫቸውም እንዲሁ። የቀረው አንድ መልስ ነው፤ እኔ በሌለሁበት አንድ ነገር አምፖሎቹን ይነቅላቸዋል። አይጥ? አይጥ ገመድ ይበላል እንጂ አምፖል አይነቅልም። ድመት? እትዬ ድመት አይወዱም። ሥራዬ በራሱ መንገድ መልካም ነበር፤ መልስ ብቻ አላገኘም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የፊቱን ደጅ ጭቃ ስላደረገው በጓዳ በኩል ገባሁ፤ በር አላንኳኳሁም። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቡፌው ፊት ቆመዋል። ማጉያዬ የለም። በቦታው ሁለት ጡት ያለው የሚመስል ነጭ ዳንቴል ቆሟል። እትዬ ዳንቴሉን ከጫፉ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ሳቡት። የግራው አምፖል በክሩ ተይዞ እንደ ተጠመደ ዓሣ ተንጠልጥሎ ወጣ። እትዬ አልደነገጡም። ከክሩ አላቀው ወደ ቀዳዳው መለሱትና፣ እንደ ቤት አምፖል ጠምዘዝ ጠምዘዝ አደረጉት።

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ውይ! አስደነገጥኸኝ። ልብሱን እየገፈፍሁለት ነዋ። ልትመጣ ነው ብዬ።"

"ልብስ ያለብሱታል?"

"እርቃኑን ላሳድረው ኖሯል? የሰው ዕቃ፣ ያውም ብርጭቆ! የወፍጮው ገለባ ሲገባበት ኋላ እኔ ነኝ የምወቀስ።"

"አምፖሉ አብሮ ሲነቀል አላዩትም?"

"ሁልጊዜ ይነቀላል። አጥብቄ እመልሰዋለሁ።" ከዚያ በጥርጣሬ አዩኝ። "ምነው፣ አንተ ስታስቀምጠው ጠምዝዘህ አታጠብቀውም እንዴ?"

እንግዲህ ይህንን ፈተና ላይ የሚያወጣ መምህር የለም። እኔ ባንኳኳሁ ቁጥር እትዬ ሮጠው ዳንቴሉን ይገፍፉ ነበር። የሰው ዕቃ ፊቱን ተሸፍኖ ባለቤቱን ሊቀበል አይገባምና። ስሄድ መልሰው ያለብሱታል። የሚጠመዘዘው የጣራው አምፖል ነው፤ ይኸኛው ቀጥ ብሎ የሚሰካ ስለሆነ በጠመዘዙት ቁጥር እግሮቹ ይጣመማሉ። አውጥቼ ባየው የግራው እግሮች እንደ ሰካራም ተደጋግፈው ቆመዋል። አንዱ እግር ላይ ደግሞ የዳንቴል ክር ተተብትቧል።

ጊዜ ግን አልነበረም። ከደጅ ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁን ተከትለው አማችየው ገቡ። ረጅም፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው የለበሱ፣ ገና በሩን ሳያልፉ የሚናገሩ ሰው ናቸው።

"አማች! እንዴት ሰነበትህ? ጆሮህስ?"

"ምን አልህ?"

"ጆሮህስ አልሁ!"

"ጆሮዬ ደኅና ነው። የታመመስ ያንተ አፍ ነው" አሉ አባባ። ወደኔ ግን ያዩኝ በልመና ነበር።

"ወረንጦ አለዎት?" ብዬ በግራ ጆሯቸው ጮኽኩ። ጭቃና እሾህ ሲረግጥ የኖረ ገበሬ ወረንጦ አያጣም፤ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። መሰኪያውን ነቅዬ፣ ክሩን ለቅሜ፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ማቃናት ጀመርኩ። አማችየው ከላዬ ቆመዋል።

"አስተማሪው፣ ብርጭቆም እሾህ ይወጋዋል?"

"ተወው፣ ይሥራበት!" አሉ አባባ።

"ምን ቸገረህ? እኔ ሰምቼልሃለሁ። ድምፁ የኔ ነው።"

"አንተ የሰማኸው ላንተ ነው።"

እግሮቹ ተቃኑ። አምፖሉን ሳልጠመዝዝ ቀጥ አድርጌ ወደ ታች ገፋሁት፤ እስኪጠብቅ። የቀኙንም እንዲሁ። አበራሁ። ሁለቱም ቀሉ። አማችየው ጎንበስ ብለው አዩአቸውና፣ "በፍም ነው እንዴ የምትሰማው?" አሉ። እትዬ ልማዳቸውን ረስተው ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል።

አባባ አዳመጡ። እኛ የምናየው ፊታቸውን ብቻ ነው። ከበሮው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። እልልታው ላይ እትዬን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። ቀረርቶውን በሙሉ ድምፃቸው አብረው ይሉት ጀመር፤ እኔ ዘልዬ ተነሣሁ፤ አጥር ማዶ ያለው ሰልፍም "በለው!" ሲል ተሰማኝ። በመካከል ድንገት ዝም አሉ። እጃቸውን አንሥተው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ተጫኑት። እስከ መጨረሻው ሰሙ። አወለቁት።

"አንተ ነህ" አሉ።

አማችየው አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ግን አልወጣም።

"ምን አልህ?"

"አንተ ነህ። እኔ ከኋላ 'በለው! በለው!' ስል ይሰማኛል። ይኸን ሁሉ ዘመን እኔ ነኝ ስል እውነቴን መስሎኝ ነበር።"

የአማችየው ፊት እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ተሸነፉ ቢባሉ እንኳ እንዲያ አይጠወልጉም ነበር። ማዳመጫውን ቀስ ብለው አነሡ።

"እስቲ አምጣው" ብለው አደረጉ። ሰሙ። "የለም" አሉ ጮኸው። "'በለው' የሚለው እኔ ነኝ! ስልኩ ላይ ይኸ 'በለው' አልተሰማኝም ነበር። ቀረርቶው ያንተ ነው!"

"በሞቴ፣ ያንተ ነው።"

"እኔ ልሙት፣ ያንተ ነው!"

ስንት ዘመን የተሻሙበትን ቀረርቶ እንደ ጉርሻ ይገባበዙ ጀመር። አንዱ ሲያጎርስ አንዱ አፉን ይይዛል። እኔን ዳኛ አደረጉኝ፤ ሰማሁ። ሁለት ሰዎች እንዳሉ ለየሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ፊዚክስ አይረዳም። እትዬን ጠየቋቸው። ይህን ጊዜ ወደ ጓዳ አልገቡም። ማዳመጫውን ተቀብለው፣ ዓይናቸውን ጣራው ላይ አድርገው ሰሙና፣ "እኔ የሚሰማኝ የእናቴ እልልታ ነው" ብለው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ከዚያ ወዲያ ዳኝነት የጠየቀ የለም። አባባና አማቻቸው ማዳመጫውን ለሁለት ስበው፣ የግራውን አባባ በግራ ጆሯቸው፣ የቀኙን አማችየው በቀኝ ጆሯቸው አድርገው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተለጥፈው፣ ቀረርቶውን ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ሲያልቅ እንደገና። "አሁን የገባኸው አንተ ነህ"፣ "አሁን የወጣሁት እኔ ነኝ" እየተባባሉ፣ ሁለቱም ሊደነቁሩ እስኪደርሱ እየጮኹ። ወደ ማታ አማችየው ሲሄዱ ይፋግ ላይ ምን ብለው እንደሚያወሩ አባባ ጠየቋቸው። "በጆሮው ሰምቷል እላቸዋለሁ" አሉ።

እርስዎም ቤት አንድ ጎኑ የጠፋ ማጉያ ካለ ከመጣልዎ በፊት ይሞክሩት። ያጥፉት፤ መሰኪያውን ይንቀሉ፤ አምፖሎቹ እስኪበርዱ ይታገሡ። በንጹሕ ጨርቅ ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሏቸው፤ እግራቸውን ይዩ፤ የተጣመመውን ያቅኑ፤ ግራና ቀኙን አቀያይረው ሳይጠመዝዙ ይመልሱ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው ያብሩት። ከዚያ ማዳመጫውን እርስዎ አያድርጉት፤ ከቤትዎ ጆሮው የደከመውን ሰው ይጥሩና እሱ ላይ ያድርጉለት፤ ድምፁንም ቀስ እያሉ ከፍ ያድርጉ። እባክዎ ይሞክሩት፤ ግን ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ይጮኽብዎታል።